ለመሆኑ በጠቅላላው ስንት ፈጀ?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የግል ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ባለፈው ሳምንት ቤት መጣና ገና ቁጭ ከማለቱ፣ «ጋሼ፣ አንተ ስትማር በጠቅላላው ስንት ፈጀ?» አለኝ። የትኛውን ትምህርት ክፍል ልምረጥ ብሎ ሊያማክረኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ለዚያ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ለዚህኛው ግን ምንም አልነበረኝም።

የአንድ ሴሚስተር ክፍያ ስንት እንደነበር አስታውሳለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በየዓመቱ መጀመሪያ የሚለጠፈው ወረቀት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። በጠቅላላው ግን? የከፈልኩት እኔ አይደለሁማ። የከፈለችው ታላቅ እህቴ ናት፣ የዚሁ ልጅ እናት። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ «እስካሁን ስንት ሆነ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ከተመረቅኩ በኋላም አልጠየቅኳትም። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችን ተቀመጥን። እህቴ ደረሰኞቹን አልጣለቻቸውም። በላስቲክ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። ጽሑፋቸው የጠፋ አሉ። የጠፋውን ደግሞ በቃሏ ታስታውሰዋለች፤ ያውም ከነወሩ፣ ከማን ተበድራ እንደከፈለችው ጭምር። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ልጁ በስልኩ ይደምራል። ሲመሽም አልተነሳንም። ይህን የምጽፈው ያንን ወረቀት ፊቴ አድርጌ ነው።

የመጀመሪያው መስመር ቀላል ነው። የክሬዲት ሰዓት ዋጋ፣ በክሬዲቱ ብዛት ተባዝቶ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀውም፣ አንዱን ዩኒቨርሲቲ ከሌላው የሚያወዳድርበትም ይህ መስመር ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ይረዝማል። በየሴሚስተሩ የመመዝገቢያ አለ። ዘግይቶ የተመዘገበ የሚቀጣው አለ፤ እኛ ሦስት ጊዜ ተቀጥተናል፣ ሦስቱንም ጊዜ ገንዘቡ በቀኑ አልሞላ ብሎ ነው፣ እና ሳስበው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ገንዘብ ያጠረውን ሰው ነው እኮ ጨምር የሚሉት። ላቦራቶሪ አለ። ኮፒ አለ፣ እሱ ሲያዩት ሳንቲም ነው፣ ሲጠራቀም ግን አይናቅም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ላፕቶፕ የማይሠራ ኮርስ መጣ። መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ማሳተሚያና ማስጠረዣ፣ ጋዋን፣ ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት። ከዚህ ሌላ ዩኒቨርሲቲው የማይቀበለው ግን ተማሪው የግድ የሚያወጣው አለ፤ ቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ኢንተርኔት።

ደምረን ስናየው፣ ለትምህርት ክፍያ ከወጣው እያንዳንዱ መቶ ጎን ሌላ ሰባ አለ። ይህ የእኛ ነው። ቤተሰቡ ቤት እያደረ የሚማር ከዚህ ያነሰ ያወጣል፣ ርቆ የሚሄድ ሊበልጥበት ይችላል። ብቻ እህቴ ስታስመዘግበኝ ያሰበችው መቶውን ነው። ሰባው በየጊዜው ነው ድንገት የሚመጣባት የነበረው።

መቶውም ራሱ መቶ ሆኖ አልቆየም። የዚያን ጊዜ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ በአራት አባዝታ ነበር በልቧ የያዘችው። ማንም እንደዚያ ነው የሚያሰላው። ልጁን «ክፍያው በየዓመቱ በ10 በመቶ ቢጨምር ምን ይሆናል? እስቲ ሥራው» አልኩት። የመጀመሪያው ዓመት 100 ቢሆን፣ ሁለተኛው 110፣ ሦስተኛው 121፣ አራተኛው 133 ነው። ድምሩ 464 መጣ። ሰው በልቡ የያዘው 400 ነው። ያቺ 64 የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ከግማሽ በላይ ናት፤ የምትመጣውም ቤተሰብ ያለውን ሁሉ አሟጦ በጨረሰበት ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ሬጅስትራር ፊት ቆሞ «ስንት ነው?» ማለት ብቻውን አይበቃም። «ስገባ ያለው ዋጋ እስክመረቅ ይጸናል ወይ? ካልጸና በምን ያህል ሊጨምር ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱንም በጽሑፍ መቀበል። አንድን ባች በገባበት ዋጋ የሚያስጨርሱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ በየዓመቱ የሚከልሱም አሉ። የመጀመሪያ ዓመት ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አራተኛው ዓመት ላይ በጣም ሊራራቁ ይችላሉ።

ለምን ይጨምራል? ስግብግብነት ነው የሚል ብዙ ነው፣ እውነት የሚሆንበት ቦታም አለ። ግን ሁሉም እሱ አይደለም። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ አሜሪካውያን የኢኮኖሚ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ቲያትርና ሙዚቃ ወጪ ሲጽፉ ያነሱት ሐሳብ አለ፣ ለትምህርትም ይሠራል። ለአራት ሰው የተደረሰን ሙዚቃ ለመጫወት ከ200 ዓመት በፊት አራት ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬም አራት ሰው ነው፣ ደቂቃውም ያው ነው። ፋብሪካ ግን በዚያው ሰዓት የሚያመርተው ብዙ እጥፍ አድጓል፤ ስለዚህ ለሠራተኛው ደመወዝ ሲጨምር ከምርቱ ያካክሰዋል። ሙዚቀኛው ደግሞ ሌላው ሰው ደመወዝ ሲጨመርለት ለእሱም ካልተጨመረለት ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፣ ሲጨመርለት ወጪው ቲኬቱ ላይ ይወጣል። መምህርም እንደዚሁ ነው። የአንድ ሰዓት ትምህርት አንድ ሰዓት ይፈጃል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ይህን ጭማሪ በአብዛኛው በጀት ይሸከመዋል፣ ማለትም ግብር ከፋዩ። የግል ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሌላ ኪስ የለም፣ ተማሪው ላይ ነው የሚያርፈው። ይህን ያነሳሁት ጭማሪን እንደ ድንገተኛ ነገር ማየት ስለሚያሳስት ነው። ይጨምራል ብሎ መነሳት ይሻላል።

አሁን ወደሚከብደኝ መስመር ልምጣ።

አንደኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ አንድ የሂሳብ ኮርስ ወደቅኩ። ኤፍ። ለእህቴ አልነገርኳትም። ጠዋት ወጥታ ማታ ደክሟት ስትገባ እያየሁ፣ «ወደቅኩ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። በክረምት እደግመዋለሁ፣ ሳታውቅ ያልፋል ብዬ ነበር።

የወደቀ ኮርስ እንዴት ገንዘብ እንደሚበላ ያልደረሰበት ሰው አያውቀውምና ላስረዳ። በክሬዲት ሰዓት በሚከፈልበት ቦታ ኮርሱን ስትደግሙ እንደገና ትከፍላላችሁ፤ አራት ክሬዲት ከሆነ አራቱንም፣ ያውም በአዲሱ ዋጋ። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ኮርሱ ለሌላ ኮርስ መንገድ የሚከፍት ሲሆን ነው። እኔ የወደቅኩት ኮርስ ሳይታለፍ የሁለተኛ ዓመቱ አይወሰድም፣ የሁለተኛ ዓመቱ ሳይታለፍ የሦስተኛ ዓመቱ አይወሰድም። የሚሰጠው ደግሞ በዓመት አንዴ ነበር። በክረምት ይከፈታል ተብሎ፣ ተመዝጋቢ አነሰ ተባለና ሳይከፈት ቀረ። በቃ፣ አንድ ኮርስ አንድ ዓመት ጎተተኝ። ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ሦስት ኮርስ ቀርቶኝ ነበር።

የሦስት ኮርስ ክፍያ ትንሽ ነው። ግን ኪራዩ ሙሉ ኪራይ ነው። ትራንስፖርቱም ምግቡም ያው ነው። መመዝገቢያውም የሦስት ኮርስ ነው ተብሎ አይቀነስም። ሥራ የምጀምርበት ጊዜም አንድ ዓመት ሙሉ ራቀ። ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስንደምረው፣ ያቺ አንዲት ኮርስ ከአንድ ሙሉ ዓመት የትምህርት ክፍያ በላይ አስወጥታናለች። ያኔ ተናግሬ ቢሆን እህቴ የሚያስጠናኝ ሰው ትፈልግልኝ ነበር። የሁለት ወር ማስጠኛ ከዚያ ሁሉ ወጪ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም።

ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣ «እኔ እኮ አውቅ ነበር» አለችኝ። የውጤት ወረቀቴን ልብሴን ልታጥብ ስትል ኪሴ ውስጥ አግኝታዋለች። «ራስህ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር።» እኔ እሷ እንዳታዝን፣ እሷ እኔ እንዳላፍር፣ ሁለታችንም አፋችንን ይዘን አንድ ዓመት ከፈልን።

አብረውኝ ከገቡት መካከል ጭራሹን ያልጨረሱ አሉ። አንዱ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው ያቋረጠው፣ የሚከፍልለት ሰው ሥራ ለቆ። እኔ አምስት ዓመት ፈጅቶብኝ ዲግሪ ይዣለሁ። እሱ የሦስት ዓመት ገንዘብ አውጥቶ የያዘው ወረቀት የለም። አሜሪካ ውስጥ የተማሪ ብድርን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር ይህንኑ ነው። መክፈል የሚያቅተው በአብዛኛው ብዙ የተበደረው ሐኪም ወይም ጠበቃ አይደለም፤ ጥቂት ተበድሮ ሳይጨርስ የወጣው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሴሚስተር መክፈል መቻል ብቻውን ምንም አይነግረንም። የመጨረሻውን መክፈል እንችላለን ወይ ነው ጥያቄው። ደግሞም፣ መሃል ላይ መውጣት ግድ ቢሆን የተከፈለው ምን ያህሉ ይመለሳል? ያለፍኩትን ኮርስ ሌላ ቦታ ይቀበሉኛል ወይ? ሰው ሲገባ ስለ መውጣት መጠየቅ ሟርት ይመስለዋል። ይጠየቅ።

ደረሰኝ የሌለው ወጪም አለ። ቴዎዶር ሹልትስ የተባለው የኢኮኖሚ ምሁር፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ አጥብቆ ያሳሰበው ነገር ነበር። ተማሪ በሚማርበት ሰዓት ሠርቶ ያገኘው የነበረው ገቢ ራሱ የትምህርት ወጪ ነው፤ ሲሰላም ትልቁን ድርሻ ይዞ የሚገኝ ወጪ ነው። ልጁ ይህን ስነግረው አልተዋጠለትም። «ያላገኘሁትን ገንዘብ እንዴት አወጣሁት ይባላል?» አለ። ልክ ነው፣ መጀመሪያ ሲሰሙት እንደዚያ ነው የሚመስለው። ግን አምስተኛው ዓመት ላይ እኔ ሦስት ኮርስ ይዤ ስቀመጥ፣ የተመረቁት ጓደኞቼ ደመወዝ ይቀበሉ ነበር። እኔ ያንን ዓመት ያለ ደመወዝ አሳልፌዋለሁ። እህቴ ደግሞ ያንን ዓመት ጨምራ ሸክሙን ተሸክማለች።

ያን ጊዜ ነው ልጁ ዞር ብሎ እናቱን «አንቺስ ምን ቀረብሽ?» ያላት። መልሷን እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔ በገባሁበት ዓመት እሷ የማታ ትምህርት ለመቀጠል ተቀባይነት አግኝታ ነበር። አልተመዘገበችም። «የሁለታችንን መክፈል አልቻልኩም፣ አንተ ወጣት ነህ ብዬ ነው» አለች፣ የትላንትና ነገር እንደምታወራ ቀለል አድርጋ። በኋላ የማታውን ተምራ ጨርሳለች፣ ግን ስምንት ዓመት ዘግይታ። ስምንት ዓመት በዝቅተኛ ደመወዝ ሠርታለች ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ይህንን በቁጥር ልጽፈው ሞከርኩ። አልቻልኩም። ባዶ መስመር ትቼ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ ልጁ ወደ ራሱ ጉዳይ መለሰን፣ ጥሩ አደረገ። ሁለት ዩኒቨርሲቲ አማርጧል። አንዱ ወደድ ይላል። «ውዱን ተወው» ልል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና አቆምኩ። ማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋና ተማሪው የሚከፍለው ዋጋ አንድ ላይሆን ይችላል። በአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ይህ በጣም ሰፍቷል፤ አዲስ ለሚገቡ ተማሪዎች የሚሰጡት ቅናሽና ስኮላርሺፕ በአማካይ ከተጻፈው ክፍያ ከግማሽ በላይ ደርሷል። ቤተሰቦች በተጻፈው ዋጋ እየደነገጡ እንዳይሸሹ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ተማሪዎቹ የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት እርዳታ የሚያገኙበት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ በትክክል ስንት ሊከፍል እንደሚችል የሚገምት ማስያ ድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ ሕጉ ያስገድዳል። ሁሉም ቦታ እንዲህ አይደለም። ግን የውጤት ስኮላርሺፕ፣ የዓመቱን በአንዴ ለከፈለ የሚደረግ ቅናሽ፣ ሁለት ወንድማማች ሲማሩ የሚቀነስ፣ ግቢ ውስጥ እየሠሩ መማር፣ ይህ ሁሉ በብዙ ቦታ አለ። ካልተጠየቀ የሚናገርም ላይኖር ይችላል። እኔ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ድህነቴን ማስነገር መስሎኝ ነበር።

አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ቤሪያ የሚባል የግል ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ ተማሪውን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ተማሪው ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ይሠራል፣ አብዛኛውን ወጪ ደግሞ ኮሌጁ ባጠራቀመው የልገሳ ሀብት ይሸፍናል። ልጁ ሲሰማ ዓይኑ በራ። እንደዚህ ያለ ቦታ ግን በጣም ጥቂት ነው፣ እዚያም ቢሆን የመኖሪያና የምግብ ወጪ የሚባል ነገር አለ። ክፍያ የለም ማለት ወጪ የለም ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው የነገርኩት።

ብድርን በተመለከተ አቋሜ ጠንከር ያለ ነው። ብድር ኃጢአት አይደለም። ብቻ የምትፈርሙበትን ነገር እስከ ታች አንብቡት። ወለዱ መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው? ሥራ ሳላገኝ ብቆይስ? ዋስ የሆነኝ ሰው ምን ይደርስበታል? አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው አሠራር ለእኔ ሰብዓዊ ነው፤ ተማሪው መክፈል የሚጀምረው ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው፣ ካላለፈ አይጠየቅም። ግን በገቢ መክፈል በተባለ ቁጥር ጥሩ ነው ማለትም አይደለም። ዬል፣ የታወቀው የግል ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ተማሪዎች ከተመረቁ በኋላ ከገቢያቸው ላይ በመቶኛ እየቆረጡ የሚከፍሉበትን ዘዴ ጀምሮ ነበር። ችግሩ ክፍያው የሚያበቃው በአንድ ቡድን አብረው የተበደሩት ተማሪዎች ዕዳ በሙሉ ሲያልቅ፣ ወይም 35 ዓመት ሲሞላ መሆኑ ነው። አንዱ መክፈል ሲያቅተው ሌላው ሲከፍልለት ኖረ። በ1978 ለአዲስ ተማሪ መስጠቱን አቆሙ፣ የፈረሙት ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መክፈላቸውን ቀጥለዋል። ሲፈርሙ ሃያ ዓመት ገደማ ነበር ዕድሜያቸው። የሃያ ዓመት ልጅ 35 ዓመት ምን ያህል እንደሚረዝም አይታየውም፣ አጠገቡ የሚያይለት ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለ እውቅና አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዩኒቨርሲቲው እውቅና አለው መባሉ አይበቃም። የምትማሩበት ትምህርት ክፍል፣ በዚያው ካምፓስ፣ በዚያው መርሐ ግብር እውቅናው አለው ወይ፣ ጊዜውስ አላለፈም ወይ የሚለውን ከዩኒቨርሲቲው አፍ ሳይሆን እውቅናውን ከሚሰጠው አካል አረጋግጡ። ይህ ከጎደለ እስካሁን ያወራሁት ሂሳብ ሁሉ ትርጉም የለውም።

ልጁ ውዱን አልተወውም። ርካሹ በየዓመቱ ዋጋ ይከልሳል፤ ውዱ የገባበትን ዋጋ ያጸናል፣ ለቤትም ቅርብ ስለሆነ ኪራይ የለውም። አራት ዓመቱን ሙሉ ስናሰላው ልዩነታቸው በጣም ጠበበ። ስለ ውጤት ስኮላርሺፕ ሰኞ ሄዶ ሊጠይቅ ነው፤ ብቻውን እንዳያፍር አብሬው እሄዳለሁ ብዬዋለሁ። ግማሹን እኔ ነኝ የምከፍለው። እህቴ መጀመሪያ አይሆንም ብላ ነበር፣ ያንን ባዶ መስመር አሳየኋትና ዝም አለች።

ከመነሳታችን በፊት የእሱን አዲስ ወረቀት አንድ በአንድ እያነበብኩ ሳሰማቸው፣ እህቴ ብዕሩን ከእጄ ወሰደችና ከታች አንድ መስመር ጨመረች። «ለሚደገም ኮርስ» ብላ ጻፈች፣ አጠገቡም የአንድ ኮርስ ክፍያና የሁለት ወር ማስጠኛ። ልጁ ቅር አለው። «እማዬ፣ ገና ሳልጀምር ይወድቃል ብለሽ ነው?» አላት። «አይ» አለችው፣ «ከወደቅክ በዚያኑ ቀን እንድትነግረኝ ነው።»